የልብ ወለድ ረቂቅና ክለሳ

የልብ ወለድ ረቂቅና ክለሳ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ሐሳብ ተነሥቶ ለኅትመት እስኪበቃ የሚያልፍበት የጽሕፈት ሂደት ነው። ረቂቅ ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ላይ የሚሰፍርበት ደረጃ ነው። ክለሳ ደግሞ የተጻፈው ተመልሶ የሚታይበት፣ የሚቆረጥበት፣ የሚጨመርበትና አንዳንዴም እንደ አዲስ የሚጻፍበት ደረጃ ነው።

አንባቢ እጅ የሚገባው የመጨረሻው መልክ ብቻ በመሆኑ፣ ከመጽሐፉ በፊት የነበሩት ረቂቆች አብዛኛውን ጊዜ አይታወቁም። ሆኖም በኢትዮጵያውያን የልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ሙሉ ረቂቃቸው ተጥሎ እንደገና የተጻፉ፣ ከታተሙ በኋላ የተከለሱና ለአሥርታት ሳይታተሙ የቆዩ ሥራዎች ይገኛሉ። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሌሎች የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሥራው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው፤ እሱም በየትኛው ቋንቋ ማርቀቅ እንደሚሻል መወሰን ነው።

ስያሜና ትርጉም

በአማርኛ ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዙ አራት ቃላት ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

• ረቂቅ፦ ገና ያልጸደቀ፣ ለለውጥ ክፍት የሆነ ጽሑፍ ነው። አንድ ልብ ወለድ የመጀመሪያ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና ከዚያም በላይ ረቂቅ ሊኖረው ይችላል።
• ክለሳ፦ ደራሲው ራሱ በታሪኩ አካል ላይ የሚያደርገው ለውጥ ነው። ገጸ ባሕርይ ማስወጣት፣ ምዕራፍ ማዛወር፣ ተራኪውን መለወጥና መደምደሚያውን መቀየር የክለሳ ሥራዎች ናቸው።
• አርትዖት፦ ሌላ ሰው፣ ማለትም አርታዒ፣ ጽሑፉን ከአንባቢ ወገን ሆኖ አይቶ የሚያቀርበው አስተያየትና የሚያደርገው ማስተካከያ ነው።
• እርማት፦ የፊደል፣ የሥርዓተ ነጥብና የኅትመት ግድፈቶችን መልቀም ነው። ከሁሉም በኋላ ይመጣል።

ልዩነቱ በተግባር ጠቃሚ ነው። ብዙ ጀማሪ ደራስያን እርማትን እንደ ክለሳ ይቆጥራሉ፤ ፊደሉ ሁሉ የተስተካከለ ጽሑፍ ግን ታሪኩ ገና ያልቆመ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ረቂቅ

ደራስያን ረቂቅ የሚጀምሩበት መንገድ በሁለት ይከፈላል። አንዳንዶቹ አስቀድመው የታሪኩን አጽም ይነድፋሉ፤ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ግጭቱ የት እንደሚጠና፣ ታሪኩ በምን እንደሚፈታ ያውቃሉ። ሌሎቹ ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ትዝታ ወይም ከአንድ ትዕይንት ተነሥተው ታሪኩን እየጻፉ ያገኙታል። የመጀመሪያው መንገድ በረቂቅ ጊዜ መጥፋትን ይቀንሳል፤ ገጸ ባሕርያቱን ግን የንድፉ ሎሌ ሊያደርጋቸው ይችላል። ሁለተኛው ሕያው ሰዎችን ይሰጣል፤ ዋጋው ረጅም ክለሳ ነው።

በሁለቱም መንገድ የመጀመሪያው ረቂቅ ዋና ተግባር ማለቅ ነው። ደራሲው የታሪኩን መጨረሻ ካላየ የመጀመሪያው ምዕራፍ በትክክለኛው ቦታ መጀመሩን መፍረድ አይችልም። አንደኛውን ምዕራፍ ደጋግሞ እያሳመረ ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ የሚቀር ጸሐፊ የተለመደ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የክለሳ ደረጃዎች

ክለሳ ከትልቁ ወደ ትንሹ ቢሄድ ድካም ይቀንሳል። ኋላ ለሚወጣ ምዕራፍ ዐረፍተ ነገር ሲያሳምሩ መክረም ጊዜ ያባክናልና።

1. የመዋቅር ክለሳ፦ ታሪኩ ከየት ይጀምር? ማን ይተርከው? የትኛው ድርጊት የትኛውን ያስከትላል? ያለ ምክንያት የገባ ገጸ ባሕርይ አለ?
2. የትዕይንት ክለሳ፦ በእያንዳንዱ ትዕይንት ምን ይለወጣል? ምንም የማይለወጥበት ትዕይንት ይቆረጣል ወይም ከሌላው ጋር ይዋሐዳል።
3. የንግግር ክለሳ፦ ገጸ ባሕርያቱ በዕድሜያቸው፣ በአካባቢያቸውና በዝምድናቸው ልክ ይናገራሉ? በአማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እና «አንቱ» የሰዎችን ግንኙነት ስለሚገልጹ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ሌላውን የሚጠራበት መንገድ ሳያስቡት ከምዕራፍ ምዕራፍ ሲለዋወጥ አንባቢ ያስተውለዋል።
4. የቋንቋ ክለሳ፦ የተደጋገሙ ቃላት፣ የሰለቹ ንጽጽሮችና ያለ ሥራ የገቡ ገላጮች ይወጣሉ። ጮክ ብሎ ማንበብ እዚህ ላይ ከሁሉም ይረዳል።

ለማነጻጸር ያህል፣ የሚከተለው ለዚህ መጣጥፍ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ደስታዬ በጣም አዝና ነበር። ገበያው በጣም ትልቅና ሰው የበዛበት ነበር። እሷ ግን ቆጮዋን ሳትሸጥ ወደ ቤቷ ተመለሰች።»

ከክለሳ በኋላ፦

«ገበያው ሲበተን የደስታዬ ቆጮ እንደታሰረ ነበር። ኮባውን እንደገና አጥብቃ አሰረችና ተሸከመችው። ጠዋት የመጣችበትን መንገድ ትታ በጓሮ በኩል ያለውን ያዘች።»

በሁለተኛው «አዝና ነበር» የሚለው ሐሳብ ወጥቷል፤ ኀዘኑና ኀፍረቱ ግን በመረጠችው መንገድ ይታያል። ክለሳ ማሳጠር ብቻ አይደለም፤ የተነገረውን ወደሚታይ ነገር መለወጥም ነው።

በሂደቱ የሚያጋጥሙ ችግሮች

መሐል ላይ መቆም። የመነሻው ጉጉት ካለፈ በኋላ፣ መጨረሻው ገና በማይታይበት ቦታ ብዙ ረቂቆች ይቋረጣሉ። ምክንያቱ ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። ቀደም ባለ ምዕራፍ የተወሰደ የተሳሳተ ውሳኔ ታሪኩን መሄጃ አሳጥቶት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ወደፊት ከመግፋት ይልቅ ውሳኔው ወደተወሰደበት ምዕራፍ መመለስ ነው።

ረቂቅን መጣል። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ማዛ መንግሥቴ ስለ ጣሊያን ወረራ የጻፈችውን «ዘ ሻዶው ኪንግ» (የጥላው ንጉሥ) ሙሉ የመጀመሪያ ረቂቅ ከጨረሰች በኋላ ትታው እንደ አዲስ እንደጀመረች በይፋ ተናግራለች። በምርምር የተሞላ ረቂቅ ሕይወት ያለው ታሪክ ላይሆን ይችላል። መጽሐፉን በማዘጋጀት ላይ ሳለች ቅድመ አያቷ ራሷ ለጦርነቱ እንደዘመተች ከእናቷ ሰማች። ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ።

የረቂቅ መጥፋት። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በእጁ ጽፎ፣ ያለውን አንድ ቅጂ በታይፕ እንዲጻፍለት ወደ ለንደን ላከ። ድርጅቱ ለወራት መልስ አልሰጠውም። የሥራ ባልደረባው ወደ ለንደን ስትሄድ ቢሮው ድረስ ባትጠይቅለት ኖሮ ሥራው ሊጠፋ ይችል ነበር። አቼቤ ከዚያ በፊት ትልቅ ክለሳ አድርጎ ነበር፤ የሦስት ትውልድ ታሪክ የነበረውን ረቂቅ ቆርጦ በአንዱ ትውልድ ላይ ብቻ እንዲያተኩር አድርጎታል።

የወረቀት እጦት። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን ዝነኛ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የተረጐመው በሲጋራ ፓኬት ወረቀቶች ላይ ነው። ወረቀቶቹ ተራ በተራ ከእስር ቤት ወጥተው፣ ኋላ ተሰብስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ መጽሐፍ ሆኑ። ሥራው ትርጉም ቢሆንም፣ ረቂቅን አለመጣል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በአገራችን ከሚጠቀሱ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ ልብ ወለድ ታሪክ

የአማርኛ ልብ ወለድ አጀማመር ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ጋር ይያያዛል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመ ሲሆን፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታውቋል። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርታት ደራሲው የሚጽፈው በእጅ ወይም በጽሕፈት መኪና ነበር። አንድ አንቀጽ መሐል ላይ መጨመር ገጾችን እንደገና መምታት ማለት ስለነበር፣ እያንዳንዱ ክለሳ የጉልበትና የገንዘብ ጥያቄም ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በአማርኛ ከሚታወቁት ልብ ወለዶች ሁሉ ግንባር ቀደም ነው። ደራሲው የፊደል መሻሻልን ይደግፉ ስለነበር፣ በመጽሐፉ ውስጥ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደላት ላይ ምልክት አድርገዋል። ይህ ሥራ ክለሳ እስከ አንዲት ፊደል ድረስ ሊወርድ እንደሚችል ያሳያል፤ አንባቢ «አለ» እና «አለ» የሚሉትን በየትኛው ድምፅ ማንበብ እንዳለበት ሳይቀር ደራሲው አስቦበታል። ልማዱ ግን በሌሎች ደራስያን ዘንድ አልተስፋፋም።

በዓሉ ግርማ፦ ከታተመ በኋላ ስለተከለሰ ልብ ወለድ ግልጹ ምሳሌ የበዓሉ ሥራ ነው። በ1966 ዓ.ም. የወጣው «የኅሊና ደወል» በኢሉባቦር የሚያስተምር ሐዲስ ሣህሌ የተባለ መምህርን ታሪክ ይዟል። ከአብዮቱ በኋላ ደራሲው ወደዚሁ ታሪክ ተመልሶ «ሐዲስ» በሚል ርዕስ እንደገና ጻፈው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማንበብ ዘመን ሲለወጥ ደራሲ ያንኑ ገጸ ባሕርይ በምን ዓይን እንደሚያየው ለማጥናት ይረዳል። የበዓሉ የመጨረሻ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣም አልተመለሰም።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር፦ «ሌቱም አይነጋልኝ» የተሰኘውን የውቤ በረሃ ታሪክ በፈረንሳይ አገር ተማሪ ሳለ ጻፈው። ግልጽ የሆነው ቋንቋው በጊዜው በነበረው ቅድመ ምርመራ የሚያልፍ አልነበረም፤ ስብሐትም ለዚህ ሲል ሥራውን ማለዘብ አልፈለገም። ጽሑፉ ለአሥርታት ሳይታተም ቆይቶ የፈረንሳይኛ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። የኅትመት ቅድመ ምርመራ በኢትዮጵያ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው።

እነዚህ ታሪኮች በአንድ ጥያቄ ይገናኛሉ፤ እሱም ክለሳውን የሚያስገድደው ማን ነው የሚል ነው። ታሪኩ ራሱ ሲጠይቅ የሚደረግ ክለሳ አለ። ዘመን የሚጠራውም አለ። ሳንሱር የሚያዘውን ክለሳ ደግሞ አንዱ ደራሲ ይቀበለዋል፤ ሌላው ዓመታትን ከፍሎ እምቢ ይለዋል።

ስለ አጻጻፍ ዘዴ በአማርኛ ከተዘጋጁት መጻሕፍት መካከል የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» (1977 ዓ.ም.) እና የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» (1992 ዓ.ም.) ለተማሪዎች በሰፊው ያገለግላሉ።

በሆሳዕናና በሀዲያና ከምባታ ከተሞች

ሆሳዕና የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ሲሆን፣ በከተማዋ የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ስም ይዟል። ዱራሜ የከምባታ ዞን ዋና ከተማ ናት። አካባቢው ከጽሑፍ ጋር ያለው ትስስር ሩቅ ነው፤ የሀዲያ ገዥ ልጅ የነበሩት ንግሥት እሌኒ በግዕዝ የውዳሴ መጻሕፍት እንደደረሱ ይነገርላቸዋል።

የቋንቋ ምርጫ

ሀዲይሳና ከምባቲሳ የደጋማው ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ናቸው። ሁለቱም ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሰጡት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ያደገ ወጣት የአያቱን ተረት በአንድ ቋንቋ ይሰማል፣ የአማርኛ ልብ ወለድ በግዕዝ ፊደል ያነባል፣ በከፍተኛ ደረጃ ትምህርቱን ደግሞ በእንግሊዝኛ ይከታተላል። ልብ ወለድ ለመጻፍ ሲቀመጥ ሦስቱም ቋንቋዎች እኩል ቀርበው ይጠብቁታል።

በአማርኛ መጻፍ ሰፊ አንባቢና የቆየ የልብ ወለድ ልማድ ያስገኛል። አደጋው ገጸ ባሕርያቱ ከመጻሕፍት በተወረሰ አነጋገር መናገራቸው ነው። በሌሞ ወይም በአንጋጫ የምትኖር አሮጊት ጤፍና በሬን በሚያወሱ የጎጃም ምሳሌያዊ አነጋገሮች ብቻ ስትናገር፣ እንሰቱና የጓሮው ሕይወት ከአፏ ይጠፋል። ክለሳ ይህን የመያዣ ጊዜ ነው። ደራሲው ንግግሩን መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተናግሮ፣ ከዚያ ሐሳቡንና ምቱን በአማርኛ ሊያሰፍረው ይችላል።

ቅርብ የሆነ የታሪክ ምሳሌ ከሀዲያ በስተሰሜን ከሚገኘው የጉራጌ አገር ይገኛል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሥራውን ያረቀቀው በቸሃ ጉራግኛ ነበር። የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞት እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ሣህለ ሥላሴ ከዚያ በኋላ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፏል፤ «ዘ አፈርሳታ» እ.ኤ.አ. በ1968 በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ እትም ወጥቷል። ከሥራዎቹ እንደሚታየው አንድ ደራሲ በቤት ቋንቋ ማርቀቁ ከሌሎች ቋንቋዎች በር አያስወጣውም።

በከምባቲሳ ደግሞ የአንትዋን ደ ሴንት ኤግዚፔሪ «ትንሹ ልዑል» በደግነት ወታንጎ ዶይሶና በቋንቋ ተመራማሪዋ ኢቮን ትራይስ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በጀርመን አገር ታትሟል። ርዕሱ «ቃኪቹ ላሃ» ነው። በላቲኑ አጻጻፍ የሚጠብቁት ድምፆችና የሚረዝሙት አናባቢዎች ፊደላቸው ተደግሞ ይታያሉ፤ ርዕሱ እዚህ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን ልዩነቱ ይሰወራል። ሐዲስ ዓለማየሁ በምልክት ሊፈቱት የሞከሩት ችግር ይኸው ነው።

ባሊሻና የንግግር ክለሳ

የአካባቢው ባህል ለክለሳ የራሱን ጥያቄ ያመጣል። በከምባታና በሀዲያ ባህል ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። በከምባቲሳ ባሊሻ በሚባለው በዚህ ልማድ መሠረት፣ የባሏ አባት ወይም እናት ስም በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ትታ በእነሱ ፈንታ ሌሎች ቃላትን ትጠቀማለች። ልማዱ በወጣቶች ዘንድ እየቀነሰ መጥቷል።

ለልብ ወለድ ደራሲ ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። በከምባቲሳ የሚጻፍ ታሪክ ላይ ደራሲው በሦስተኛው ረቂቅ የአማቱን ስም ቢለውጥ፣ ምራቲቱ በመጽሐፉ ሁሉ የምትናገራቸው ቃላት አብረው መከለስ ሊኖርባቸው ነው። ታሪኩ በአማርኛ ቢጻፍም ሴትየዋ አንድን ቃል ዞራ ስትሸሸው ማሳየት ይቻላል። እንዲህ ያለች አንዲት መታቀብ ስለ ቤቱ ሥርዓት ከአንድ ገጽ ማብራሪያ የበለጠ ልትናገር ትችላለች። በተቃራኒው፣ በልማዱ የምትኖር ምራት የአማቷን ስም እንደዘበት ስትጠራ ያገኘ የአካባቢው አንባቢ ታሪኩን ማመን ያቆማል። ስለዚህ ረቂቁን ከኅትመት በፊት ልማዱን ለሚያውቁ እናቶች ማንበብ የአርትዖት አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል።

የክለሳ ማብቂያ

ክለሳ በራሱ ጊዜ አያልቅም። ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1929 ላሳተመው የጦርነት ልብ ወለዱ በርካታ መደምደሚያዎችን ሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ እትም ላይ 47 ያህሉ ታትመዋል። መቼ ማቆም እንደሚገባ የሚወስን ሕግ የለም። የተለመደው ምልክት ግን አዲሱ ለውጥ ጽሑፉን ከማሻሻል ይልቅ ሌላ ዓይነት ማድረግ ሲጀምር ነው።

ከዚያ በፊት ረቂቁን ለተወሰነ ጊዜ አስቀምጦ እንደ ባዕድ ተመልሶ ማየት፣ እውነቱን ለሚናገሩ ጥቂት አንባቢዎች መስጠት፣ እንዲሁም የቀደሙትን ረቂቆች ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ማኖር ይመከራል። ከመጨረሻው መልክ የወጣ ትዕይንት ለሌላ ታሪክ መነሻ ሊሆን ይችላል። የተጣለው ረቂቅም ቢሆን የደራሲውን ውሳኔዎች ለሚያጠና ተማሪ ከታተመው መጽሐፍ የማይገኝ ማስረጃ ይሰጣል።